ዝንጀሮዎቹ ለምን ወጡ

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይባላል። ከዋሂል ማዶ ባለው ጥብቅ ተራራ ያሉት ዝንጀሮዎች ግን መጀመሪያ ዳቦዬን ነው የሚሉት። ተራራው ከፍየልና ከመጥረቢያ ተከልሎ የእግር መንገድ ከወጣለት ወዲህ፣ የድሬዳዋ ሰው በሚኒባስ እየመጣ ብስኩት ሲበትንላቸው ለመዱ። ድሮ መንጋው ከገደሉ ተግተልትሎ ሲወጣ ያየ እረኛ ፍየሉን ሰብስቦ ሽቅብ ይሮጥ ነበር፤ ደጋው ላይ ዘንቧል፣ ጎርፍ እየመጣ ነው ማለት ነው። አሁን ማን ይደንግጥ? መኪና በሰሙ ቁጥር ይወጣሉ።

የተራራው በር ጠባቂ ሙኒያም አልደነገጠችም። የዚያን እሁድ ታናሽ ወንድሟ አዩብ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሆኑ ልጃገረዶችን እየመራ ገደሉ ውስጥ፣ ወደ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ወርዷል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። መንጋው ከአፋፉ ብቅ ሲል «እናንተ ሆዳሞች!» ብላ ፊሽካዋን ነፋችባቸው፤ ድንጋይም ወረወረች። አልሸሹም። ልጆቻቸውን አዝለው በአጠገቧ አለፉ።

ነገሩ ቅር አላት። ከምሳዋ ዳቦ ቆርሳ ጣለችላቸው። አንዲት እናት ዝንጀሮ ዳቦውን ረግጣ ሽቅብ ቀጠለች፤ ዞራም አላየችው።

ለዳቦ አልወጡም። ሙኒያ ወደ ደጋው ዞረች። የሩቆቹ ተራሮች አናት ጠቁሯል፤ ነፋሱም የረጠበ አፈር ይሸታል። ስልኳን አንስታ ደወለች፤ ገደሉ ውስጥ ግን ኔትወርክ የለም።

አፋፉ ላይ ቆማ ትንፋሽ እስኪያጥራት ፊሽካዋን ነፋች። ከታች፣ መታጠፊያው ጋ፣ ልጃገረዶቹ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። አዩብ ቀና ብሎ እጁን አውለበለበላት።

«ሎላን ዱፌ! ጎርፍ መጣ! ውጡ!»

ጩኸቷን ገደሉ ዋጠው። ታች የሚደርሰው ፊሽካው ብቻ ነው፤ ፊሽካውን ደግሞ አዩብ በየቀኑ ዝንጀሮ ስታባርርበት ይሰማዋል። እሾህ ቀሚሷን እየቀደደው፣ እየተንሸራተተች ቁልቁል ሮጠች። ከላይኛው ጠባብ ሸለቆ የጭነት ባቡር የሚመስል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ድንጋዩን እያንቀጠቀጠ።

«አዩቤ! ወላሂ ጎርፍ ነው! ውጣ!»

የወንድሟ ድምፅ እየሳቀ ከታች መለሰላት።

«ሙኒዬ! ዝንጀሮዎቹን አባረርሻቸው እንዴ?»