ጃክና አስር

ወንድምአገኝ ፖከር ሲጫወት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ መጣል። አስና ንጉሥ ካልደረሰው ይጥላል፤ ደርሶትም ፊቱ ያለው ሰው ጠንከር ካለበት ይጥላል። ግድግዳ ሲለስን እንዲህ ፈሪ ቢሆን ኖሮ ጅግጅጋ ሳለ የለሰነው ፎቅ ሁሉ እስከ ዛሬ ራቁቱን በቆመ ነበር።

ሀርጌሳ ዓርብ ሥራ የለም። በወይዘሮ ኻዲጃ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩት አራት ሐበሾች ከሰዓት በኋላ ጥላው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ካርታ ይይዛሉ። በገንዘብ መጫወት እዚህ ሐራም ስለሆነ የሚያስይዙት መኮሮኒ ነው። ወይዘሮ ኻዲጃ ቁማር የሚል ወሬ ሰምተው ሊያባርሯቸው መጥተው ነበር፤ የተከመረውን መኮሮኒ ሲያዩ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ማምሻ ላይ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጨዋታው ያበቃል። ያን ጊዜ ብዙ መኮሮኒ ያለው ሰው አንዱን መርጦ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፤ የቀሩት ሁለቱ ያንኑ መኮሮኒ አጥበው ለጾም ራት ይቀቅሉታል።

ወንድምአገኝ አሸንፎ ከአራቱ አንዷን፣ ጸደንያን፣ ሊመርጥ ሲመኝ ከረመ። ሌላ ቀን እንዳያናግራት የግቢው ግድግዳ ስስ ነው፤ ያስነጠሰ ሰው ከየክፍሉ ይማርህ ይባላል። እሷ ደግሞ ባሸነፈች ቁጥር ጎረቤቷን ውድነሽን ይዛ ትወጣለች። ጸደንያ ከነገ ጀምሮ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ልታድር ነው፤ ዓርብ ዕረፍት ይስጧት አይስጧት አይታወቅም። እንግዲህ የቀረው ዛሬ ብቻ ነበር።

ፖከር ያስተማራቸው ጋሽ ገነነ፣ ቧንቧ ሠራተኛውና የውድነሽ ባል፣ ምክሩ አያልቅበትም።

«ጥሩ ካርታማ ሕፃንም ይጫወተዋል» ይላል። «ሰው የሚለየው በመካከለኛው ነው። መካከለኛ ሲደርስህ ካርታህን ተወውና ከኋላህ ገና ያልተጫወተ ስንት ሰው እንደቀረ፣ ፊትህ ያለው ማን እንደሆነ እይ።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ዙር ታደለ። ወንድምአገኝ ካርታውን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ጃክና አስር፣ መልካቸውም የተለያየ። እንዳይጥለው ያሳዝናል፣ እንዳይይዘው አያኮራም። ጸደንያ የመኮሮኒዋን ግማሽ ወደ መሀል ገፋች። ውድነሽ ጣለች። ጋሽ ገነነም እያጉረመረመ ጣለ።

የወንድምአገኝ እጅ እንደ ልማዱ ሊጥል ተነሣ፤ መንገድ ላይ ግን ቆመ። ከኋላው ያልተጫወተ ማንም የለም። ፊቱ ያለችው ደግሞ ጸደንያ ናት፤ ሳቋን ላለመልቀቅ ከንፈሯን ነክሳ ታየዋለች። ቢጥል ዛሬ ማታ ከጋሽ ገነነ ጋር ቲማቲም ሲከትፍ ያመሻል፣ እሷም ትሄዳለች።

«ሁሉንም» አለና መኮሮኒውን በሁለት እጁ ገፋው። ከችኮላው የተነሣ ግማሹ ከምንጣፉ ወጥቶ አፈር ላይ ተበተነ።

ካርታው ባዶ መሆኑን ግቢው በሙሉ አወቀ። ሁለት ንጉሥ የያዘ ሰው እንዲያ መኮሮኒ አይበትንም። ጸደንያ ካርታዋን አየች፣ እሱን አየች፣ ደግማ እሱን አየች፣ ከዚያም ካርታዋን ገልብጣ ጣለች። ወዲያው አዛኑ ተሰማ።

ጋሽ ገነነ አላስችል ብሎት የጣለችውን ካርታ ገለጠው። ሁለት ንግሥት ነበሩ። ራሱን ይዞ ተነሣ፤ ግማሽ መኮሮኒዋን አስገብታ ሁለት ንግሥት የጣለች ሴት በዓለም ላይ እንዳላየ፣ ይህን ሁሉ ወር ያስተማረው በከንቱ እንደሆነ ለፈለፈ። ወንድምአገኝ ማሸነፉንም መምረጡንም ረስቶ የተበተነውን መኮሮኒ ይለቅም ጀመር። ውድነሽ በክርኗ ጎሸም ስታደርገው ብቻ «ጸደንያ» አለ።

እሷ ግን ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ደርሳለች።

«ፊትሽ ያለው ማን እንደሆነ እዪ አላልከኝም ጋሽ ገነነ?» አለች። «ስንት ዓርብ ሙሉ ሲጥል ሳየው ኖሬ ዛሬ ገና ደፍሮ ገባ። በንግሥት ላስወጣው ነበር እንዴ?»

ወንድምአገኝ የራሱን አንድ ጫማና የጋሽ ገነነን አንድ ጫማ አጥልቆ ተከትሏት ሮጠ።