መጨረሻ የወጣ ይለኩሳል

ጠላቂ ሲጋራ አያጨስም ያለው ማነው? እሱ ሰውዬ ጠላቂ አይቶ አያውቅም። የመርከብ ሆድ እየፋቁ የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች ከውሃ ሲወጡ ፎጣ ከማለታቸው በፊት ሲጋራ ይላሉ። ግን ሥርዓት አላቸው። አየር መሙያው ሞተር አጠገብ አይጨስም፤ ሞተሩ ጭሱን ስቦ የጠላቂ አየር ጠርሙስ ውስጥ ይከተዋል፣ ነገ ውሃ ሥር የሰው ሳንባ ይገባል። ስለዚህ የሚጨሰው ከሞተሩ ርቆ፣ የጀልባዋ ጭራ ላይ ነው። ደግሞም ውሃ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ካለ ማንም አይለኩስም። ቀድሞ የወጣ ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ ሰክቶ ይጠብቃል። መጨረሻ የወጣው ይለኩስና እሳቱን ለሌላው ያቀብላል።

መጨረሻ የምትወጣው ሁልጊዜ አንዲት ሴት ጠላቂ ነበረች። "ትንፋሼ" ይሏታል፤ አየሯ አያልቅማ! ሲጋራ አፏን ነክቶት አያውቅም። ሌሎቹ ጠርሙሳቸውን ጨርሰው ሲወጡ የእሷ ገና ግማሽ ነው። ስትወጣ ላይተሩን ተቀብላ የአጎቷን ሲጋራ ትለኩስና ጭሱን ሸሽታ ወደ ፊት ትሄዳለች።

አጎቷ የጀልባዋ አለቃ ናቸው። ጠላቂ ያደረጓት እሳቸው፣ ገመዷንም የሚይዙት እሳቸው። አንዱ ጫፍ ወገቧ ላይ፣ ሌላው ጫፍ እጃቸው ላይ። አንዴ ከሳበች "አላችሁ?" ማለቷ ነው፤ እሳቸውም አንዴ ስበው "አለን" ይላሉ። ደጋግማ ከሳበች ግን "ድረሱልኝ" ነው።

ያን ቀን ጠዋት ምላጭ የሚሉት ጠላቂ ነገር ጀመረ። ምላጭ የተባለው በአፉ ነው እንጂ በሥራው አይደለም።

"ጋሼ፣ እኔ የምለው፣ የማታጨስ ሰው በሲጋራ ሕግ ምን አገባት? ትንፋሿ እንደሆነ አያልቅ፤ እኛ በሱስ ልናልቅ ነው!"

ሁሉም ሳቁ። አጎቷም ፈገግ አሉ። ትንፋሼ ግን "አንተ ዝም ስትል ነው የሚያምርብህ" ብላው ዘላ ገባች።

ከመርከቡ ፕሮፔለር ሥር ውሃው ድፍርስ ነው፤ የራስን እጅ አያሳይም። የሌሎቹ መፋቂያ ድምፁ ሲጠፋ መውጣታቸውን አወቀች። እሷም የያዝኩትን ልጨርስ ስትል፣ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ አሮጌ መረብ ጠርሙሷን ከኋላ ቀጨም አደረገው። ወደ ፊት ብትል እምቢ፣ ወደ ኋላ ብትል እምቢ። አትደንግጪ፣ አለች ለራሷ፣ ጋሼ አሉልሽ። ገመዱን ደጋግማ ሳበች። መልስ የለም። እንደገና ስትስብ ገመዱ ልል ብሎ ወደ እሷ መጣ፤ ከላይ የያዘው ሰው አልነበረም። ያኔ ነው ፍርሃት ውስጧ የገባው። ቢላዋዋን መዝዛ፣ ጓንቷንም ጣቷንም ከመረቡ ጋር እየቆረጠች ተላቀቀች።

ከውሃው ብቅ ስትል ቀድሞ የተቀበላት የሲጋራ ሽታ ነው። ሁሉም የጀልባዋ ጭራ ላይ ነበሩ። ሁሉም ለኩሰዋል፤ አጎቷም ጭምር። ገመዷ ሞተሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

እሳት ለብሳ፣ እሳት ጎርሳ መሰላሉን ወጣች። ጣቷ ይደማል።

"ደጋግሜ ሳብኩ" አለች። "ማን ያዘልኝ?"

"ለአንድ አፍታ እኮ ነው፣ ልጄ..." አሉ አጎቷ።

"ሰው የሚሞተው ለአንድ አፍታ ነው ጋሼ! ወይስ ዓመት ይፈጅበታል? እኔ ታች እያለሁ ለኮሳችሁ። ታች ሰው የለም አላችሁ ማለት እኮ ነው። በቁሜ ቀበራችሁኝ!"

"ኧረ አታካብጂ፣ ይኸው ወጥተሽ የለ እንዴ" ሲል ምላጭ፣ ላይተሩን ከእጁ መነጨቀችው።

"መጨረሻ የወጣ ይለኩሳል። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ። አጥፉ!"

"ይኸው አጠፋን፤ ታዲያ ለኩሺና ገላግይን!" አለ ምላጭ።

"አልለኩስም። አሻፈረኝ! ዛሬ እዚች ጀልባ ላይ የሚጨስ ጭስ የለም።"

"ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ዛሬውኑ ያሰናብቱልን!" ጮኸ ምላጭ። "ወይ እሷ፣ ወይ እኛ!"

"ያሰናብቱኝ" አለች ዓይኗን ከአጎቷ ላይ ሳትነቅል። "ይህን ሥራ እንደ ዓይኔ ብሌን እንደምወደው ያውቃሉ። ግን እንደ ሰው ካልተቆጠርኩ ነገ አልገባም።"

አጎቷ ጣቷን አዩ፤ ሲጋራቸውን አዩ። ድሮም ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አሁንም አልወጣም።

"እሺ" አለች ትንፋሼ። ጣቷን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ሙሉ ጠርሙስ አዘለች፣ ላይተሩን እጅጌዋ ውስጥ ወሸቀችው። "ያልጨረስኩት ሥራ አለ። እሳቱን ይዤው መሄዴ ነው። ሱስ ያንገበገበው ተከትሎኝ ይምጣ!"

"አበደች!" ሲል ሰማችው ምላጭን፤ ከዚያ ውሃው ጆሮዋን ዘጋው።

ታች ያው ጨለማ ነው። የመረቡም ቁራጭ እዚያው አለ። እጇ ገመዱ ላይ ደርሶ ቆመ። አሁንም ባይመልሱልኝስ? ካልመለሱ ወጥታ፣ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች፤ ቆርጣለች። ግን ፈራች፤ ከመረቡ ይልቅ ይሄን ፈራች። አንዴ ሳበች።

ገመዱን ገና ሳትለቀው መልሱ መጣ፤ ወገቧን ሊነቅላት ምንም አልቀረው። ይሄን እጅ ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላም ገመዱ አልላላም፤ እንደተወጠረ ቆየ። ትንፋሼ አለቀሰች። ማስክ ውስጥ ማልቀስ ደግሞ ጣጣ ነው፣ ዓይንን መጥረጊያ የለም።

የቀራት ሥራ ጥቂት፣ ጠርሙሷ ግን ሙሉ ነበር። መፋቂያዋን አውጥታ የተለጠፈውን ቅርፊት አንድ በአንድ መፋቅ ጀመረች። አልቸኮለችም።