የሱምያ በርሜል

እህቴ ሱምያ ስትሞት ከግቢያችን መጀመሪያ የጠፋው ሽታው ነው።

ሽታው የእንቦጭ ነበር። ሱምያ የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። በዚህ ክረምት ዕረፍታቸውን ትተው መማር የፈለጉ ልጆችን ሽምብጥ ሰፈር ካለው ቤታችን ሰብስባ፣ ራሷ ያሰናዳችውን ትምህርት ታስተምር ነበር። መጽሐፍ የለውም፤ ያለው አንድ ሰማያዊ በርሜል ነው። ልጆቹ ከጣና ዳር እንቦጭ ነቅለው ያመጣሉ፤ ሥሩንና ቅጠሉን ሲያጠኑ ባዮሎጂ ነው። በርሜሉ ስንት እንደሚይዝ ሲያሰሉ ሒሳብ ነው። ከእበት ጋር ታፍኖ ሲብላላ ኬሚስትሪ፣ ጋዙን በቱቦ ወደ ምድጃ ሲያደርሱት ደግሞ ምሕንድስና።

«ሒሳብን ለብቻ፣ ኬሚስትሪን ለብቻ እያስተማርን፣ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች አደረግናቸው» ትለኝ ነበር።

እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍሁም። «ለማስታረቅ የግድ ግቢያችንን ማግማት አለብሽ?» ስላት ትስቃለች። እናቴ ግን መስኮት ዘግታ ነው የምትውለው።

«አንዴ ብቻ ከዳር ይድረስልኝ» ትል ነበር ሱምያ። እሳቱ ከነደደ ለትምህርት ቤቷ አሳይታ፣ ትምህርቱ ወደ መደበኛው ክፍል እንዲገባ ልትጠይቅ ነው ሐሳቧ።

የዕለቱን ትምህርት ሁልጊዜ በጥያቄ ትጨርሳለች። እጇን አጣምራ ከግቢያችን ማንጎ ሥር ቆማ ትጠይቃቸዋለች፤ መልሱን አትነግራቸውም። ልጆቹ እየተጨቃጨቁ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ እሳቱን ሊሞክሩ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። አልተነሣችም።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሏል። ጎረቤታችን ጋሸ ክንዱ ከእድሩ ሰዎች ጋር ሆነው ግቢውን አጽድተዋል። ሰማያዊው በርሜል ውሃ ተሞልቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል፤ ለቀስተኛው እጁን ይታጠብበታል።

«ያን ግማት ደፋሁልህ፣ ልጄ» አሉኝ። «በርሜሉንም በኦሞ ፈትጌ አጠብሁት።»

ምን እላለሁ? ደግ መሥራታቸው ነው። «አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሸ ክንዱ» አልሁ።

በማግስቱ ልጆቹ ለቅሶ መጡ። ሱምያ «የኔ ተከራካሪ» የምትላት ማኅሌት ከበርሜሉ ፊት ቆመች።

«ጋሸ ሳዲቅ፣ የውስጡስ?»

«ተደፋ።»

«ትንሽም አልቀረ? ለእርሾ የሚሆን?»

«በሳሙና ታጥቧል፣ እቴ።»

እስከዚያ ሳታለቅስ የቆየችው ልጅ ያን ጊዜ አለቀሰች። ጋሸ ክንዱ ከአጠገባችን ነበሩ። «ቆሻሻ መስሎኝ እኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንደገና ብንጀምረውስ?» አለችኝ ማኅሌት ዓይኗን እየጠረገች።

«አስተማሪ የለማ።»

«የተማርነው አለ።»

ለቅሶው እንዳበቃ ጋሸ ክንዱ ከላሞቻቸው በረት አንድ ማዳበሪያ እበት በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። አስቀምጠውት ወጡ። ልጆቹም እንቦጩን አመጡ። ከቀናት በኋላ ሽታው ተመለሰ። እናቴ መስኮቱን አልዘጋችም።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ማኅሌት ቧንቧውን ከፍታ ክብሪት ጫረች። መጀመሪያ እፍ ብሎ ጠፋ። ደግማ ስትጭር ትንሽ ሰማያዊ እሳት ምድጃው ላይ ቆመ።

ያጨበጨበ አልነበረም። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ወደ ማንጎው ሥር አዩ። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ ነበር። እኔም አየሁ። ሱምያ ለዚያ ቀን ምን አስባላቸው እንደነበር አላውቅም።

አንዱ ልጅ ደብተሩን መሰብሰብ ጀመረ።

«እኔ የምለው» አሉ ጋሸ ክንዱ፣ ከአጥሩ ጥግ እንደቆሙ። «ሲነድ ጊዜ ግማቱ የት ገባ?»

ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

«ተቃጥሎ ነዋ።»

«ተቃጥሎ ምን ሆነ? እሱን ንገረና።»

እኔ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

«እየተጨቃጨቁ ነው።»

ሻርፗን ስባ ዓይኗን ጠረገች።