የስላይዱ ሌላኛው ጫፍ

«ኧረ ቁጭ በል፣ ሰው ይታዘበናል» አለችው አክስቱ፣ እጅጌውን ጎተት አድርጋ።

ቁጭ አለ። አጠገቡ ያሉት ጎረቤት ነፍስ ይማር ብለው ሳይጨርሱ ግን ተመልሶ ተነሳ፤ መቀመጫውን እሾህ የወጋው ይመስል ነበር። በተደረደሩት ወንበሮች መሀል እየተሹለከለከ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከጓሮ የዳማ ለቅሶ ይሰማል። ዳማ የሟች እህቱ ውሻ ናት። ሆዷ ላይ ስፌት አለ፤ ስፌቱን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ አንገትጌ አጥልቆላታል። ለቀስተኛው ሲያለቅስ አብራ ታለቅሳለች፤ ለቀስተኛው ደክሞት ቡናውን ሲጠጣ እሷ ብቻዋን ትቀጥላለች።

እንግዶቹ የእግሩን አለማረፍ ከሐዘን ቆጠሩለት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ እናትም እህትም ነበረችው እየተባባሉ ከንፈር መጠጡ። እውነት ነው። ግን እግሩ መሬት አልይዝ ያለው በሌላም ነገር ነበር።

ወሬው የተጀመረው ትናንት፣ የቡናው ፔርሙዝ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው። አንዲት ሴትዮ ሟች የሞተችው በጡት በሽታ መሆኑን፣ የውሻዋም ጡት አብጦ በቅርቡ መቀደዱን ለጎናቸው ለተቀመጡት አወሩ። የጎናቸው ደግሞ ሁለቱ አንድ ክፍል ያድሩ እንደነበር ጨመሩበት። ምሳ ሳይደርስ ወሬው እግር አውጥቶ ቤቱን ዞረ፤ ውሻዋ ናት ያጋባችባት ተባለ። አክስቱ ክፉ ሴት አይደለችም። ሲከፋት ግን የምታባርረው ነገር ትፈልጋለች። ዛሬ ጠዋት ማድ ቤት ድረስ ጠርታ፣ አንተ የእንስሳት ሐኪም ነህና በመርፌህ አሳርፋት፣ እምቢ ካልክ ዘበኛው ሳይመሽ ከከተማ ያወጣታል አለችው።

«አክስቴ፣ ይሄ በሽታ ከውሻ ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«ይሄን ሁሉ የምታውቅ ከሆነ፣ ታዲያ እሷን ምነው ሳታውቅላት ቀረህ?»

 የዳማ እብጠት ክፉ ከሆነ ራሱ እንደሚያሳርፋት፣ ደግ ከሆነ ግን ማንም እንደማይነካት ተናገረ። ክፉና ደግነቱን መቼ እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ዛሬ አላት። በምን እንደሚያውቅ ግን አልነገራትም፤ ቢነግራትም የሚገባት አልመሰለውም።

እሱና እህቱ ሥራ የተከፋፈሉ ሰዎች ነበሩ። እሱ ይቀድዳል፣ እሷ ታቀልማለች። ከውሾች ጡት የሚያወጣውን እብጠት በብልቃጥ ይልክላታል። እሷ በላብራቶሪዋ ሰም ውስጥ ትቀብረውና ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ትቆርጠዋለች፤ ቁራጩን ስላይድ ላይ አንጥፋ ማቅለሚያ ታፈስበታለች። ማቅለሚያው የሚፈልገው አንድ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ የሚገኘው ለመባዛት በተነሳ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ብቻ ነው፤ ሲገኝ አስኳሉ ቡናማ ሆኖ ይበራል። ቡናማው እዚህም እዚያም ብቻ ከሆነ ውሻዋ ትኖራለች። በማይክሮስኮፑ የሚታየውን ሜዳ ከሞላው ግን ነገሩ ያለቀለት ነው። ለስላሳው እብጠት ክፉ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረው ደግ ሆኖ ስንቴ አይተዋል። «ጣት ይዋሻል፣ አስኳል አይዋሽም» ትል ነበር እህቱ።

ሌላም ሕግ ነበራት። በእያንዳንዱ ስላይድ አንድ ጫፍ ላይ፣ እንደሚበራ አስቀድሞ ከሚታወቅ እብጠት የተቆረጠ ማመሳከሪያ ታነጥፋለች። ማመሳከሪያው ካልበራ ማቅለሚያው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚመረመረው ቁራጭ አለመብራቱ አይታመንም። መጀመሪያ ማመሳከሪያውን ሳታይ አትፍረድ እያለች ጆሮውን ስታደነቁረው ኖራለች። የዳማን እብጠት የቆረጠችው ከአልጋ ተነስታ፣ የሥራ ባልደረባዋ ብብቷን ደግፋት ነው። ማቅለሙን ሳትደርስበት ሞተች፤ ለዛሬ ልታደርሰው የተረከበችው ባልደረባዋ ናት።

ባልደረባዋ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደረሰች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስለማታውቅ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ሹክሹክታ» ይላታል። እጁን ጨብጣ እንደ ልማዷ ጆሮው ሥር፣ ስላይዱ መድረሱን፣ እሱ እንዲያየው እህቱ ስላዘዘች እሷ አለማየቷን ነገረችው። መጣሁ ብሎ ለአክስቱ ምልክት ሰጠና በር ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች እግሩ ያገኘውን ተጫምቶ አብሯት ወጣ። ግራ እግሩ ላይ የራሱ፣ ቀኝ እግሩ ላይ የሌላ ሰው ጫማ መሆኑን ያየው ላብራቶሪው ደጃፍ ሲደርስ ነው።

የእህቱ ጋውን ከምስማሩ አልወረደም። ወንበሯ ላይ ወገቧን የምታስደግፍበት ትራስ እንዳለ ነው። ትራሱን ሳይነካ ጫፉ ላይ ቁጭ አለና ስላይዱን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባ። ቸኩሎ ሕጓን ጣሰ፤ መጀመሪያ ያየው የዳማን ጫፍ ነው። ሜዳው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። አንድ ቡናማ አየ፤ ብዙ ሄዶ ሌላ አንድ አየ። ደስ ሊለው ሲል ሕጉ ትዝ አለውና ወደ ሌላኛው ጫፍ ገፋው። እዚያ አስኳሎቹ ተፋፍገው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ፣ ሁሉም ጥቁር ቡናማ ሆነው በርተዋል። ማቅለሚያው ሠርቷል ማለት ነው። የዳማ ጫፍ አለመብራቱ የእውነት ነው።

«ተርፋለች» አለ፣ ትንፋሹን ለቅቆ። «ይሄ ማመሳከሪያ መቼም አሳፍሮን አያውቅም። እንዳያልቅ ብቻ።»

ሹክሹክታ መነጽሯን አወለቀች።

«አልቋል። የመጨረሻው ቁራጭ ነው።» መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «የሷ ነው።»

«ምኑ?»

«ማመሳከሪያው። ሲቀዷት የተረፈውን ከሆስፒታሉ ለምና ወሰደች። ማቅለሚያው ለሰው የተሠራ ሆኖ ለውሻ ካገለገለ፣ የኔም ለውሾቹ ያገልግል አለች። በሕይወት ሳለሁ እንዳትነግሪው ብላ አስማለችኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አምና ያን ማመሳከሪያ መጀመሪያ ያየ ቀን ስልክ ደውሎላት ነበር። ከየት አመጣሽው እትዬ፣ እንዲህ የሚያምር አይቼ አላውቅም፣ እንዳትቀይሪው አላት። የየትኛዋ ውሻ እንደሆነ ሳይጠይቅ እየሳቀ ጨመረበት፤ የዚችን ውሻ ባለቤት ግን ካሁኑ ተሰናበቺ በያት፣ ዓመትም አትቆይላት።  እህቱ ሳቀች፤ ከልቧ የሚመስል ሳቅ ነበር።

«እንዲህ ያለውን ለባለቤት አይነግሩም» አለችው። «አደራህን ሆድ ይፍጀው።»

የራሷን በሽታ ትንሽ ነገር ናት፣ ወጥታለች ብላው ነበር። የሰው ሁሉ ውሻ እብጠት ደግ ነው ሲባል የሚጠራጠረው ሰውዬ የእህቱን አመነ፤ ማመን ቀለለው። ከዚያ ወዲህ የፈረደውን ሁሉ የፈረደው እሷን እያየ ነው። ይቺ ትኖራለች፣ ይቺ አትኖርም ሲል የሚያመሳክረው ከእህቱ ሞት ጋር ነበር። አክስቱ ምነው ሳታውቅላት ቀረህ ብላ ጠይቃው የለ? አውቆላት ነበር። ቁርጡን ነግሯታል፤ ዓመትም አልቆየች። እንደገና ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለ፤ ሜዳው ግን በእንባ ተጥለቅልቆ አልታየው አለ። ሹክሹክታ መብራቱን አጥፍታ ስላይዱን በወረቀት ጠቀለለችና ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተችለት።

ቤት ሲደርስ ዘበኛው ገመድ ይዞ ጓሮ በር ላይ ቆሟል። ጫማቸው የጠፋባቸው ሽማግሌም ደጃፉ ላይ በአንድ እግር ካልሲ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ጠይቆ ጫማቸውን መለሰ። አክስቱ ወጣችና ፊቱን አየች።

«ክፉ ነው አይደል?»

«ደግ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

 ጓሮ ሄዶ ዳማን ፈታና ይዟት ገባ። ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ አንድ አዛውንት፣ ማንንም ሳያዩ። የወንበሮቹ ረድፍ እግሩን ሰበሰበ። አንዳንዷ ሴት ቀሚሷን ጠቀለለች። ዳማ በፕላስቲኳ የወንበር እግር እየገጨች ክፍሉን አቋርጣ የሟች መኝታ ቤት በር ሥር ተኛች። ለቅሶዋን አቆመች።

እሱም ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አክስቱ ከወንበር ተቀመጥ ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። ቡና ቀድታ አመጣችለት። ሲኒውን የተቀበላት በግራ እጁ ስለነበር ተገርማ አየችው። ቀኝ እጁ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር፤ የስላይዱን ሌላኛውን ጫፍ ይዟል።