እርጥቡ ብሩሽ

እኚህ ሽማግሌ ልጃቸውን ጨርቋን ሊያስጥሏት ምንም አልቀራቸውም። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ብሩሽ ማለት ለእሳቸው ዝገት የሚፍቅ ነገር ነው። ለጥርሳቸውም ቢሆን ከሱቁ ሁሉ ጠንካራውን አስመርጠው ነው የሚገዙት። ጸጉሩ ተንጨባሮ ካለቀ በኋላ እንኳ መጣል የለም፤ ወደ መሣሪያ ሣጥን ይዛወራል።

የጥርስ ሐኪሟ ግን ቁርጡን ነግራቸዋለች። ታች የቀሩት ሁለት ጥርሶች ናቸው ሰው ሠራሹን ጥርሳቸውን የሚይዙት። እነሱ ከወለቁ የሚደገፍበት የለውም። ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጠዋትና ማታ፣ በየሦስት ወሩ የሚቀየር። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ራስ መነቅነቅ መቼ ያቅታቸዋል!

ልጅቷ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ስለ ብሩሽ ስታስረዳ ትውላለች፤ የገዛ አባቷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። በገዛችላቸው በሁለተኛው ቀን ለስላሳውን ብሩሽ የት ብታገኘው ጥሩ ነው? ከተፈታ የስፌት መኪና አጠገብ፣ በዘይት ተለውሶ።

«አባባ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለአፍማ ምን ይረባል፣ ልፍስፍስ ነገር። ለአቧራ ግን መልካም ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ደሟ ፈላ። ጠንካራዎቹን ብሩሾች ከያሉበት ለቅማ ጣለች፤ ሌላ ለስላሳ ገዛች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘበኛ ሆነች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ብርጭቆው ውስጥ የቆመውን ብሩሽ በጣቷ ትነካለች። እርጥብ ከሆነ «ተመስገን» ብላ ትሄዳለች። ደረቅ ከሆነ ጭቅጭቁ ለጎረቤትም ይተርፋል።

ሦስት ወር ሙሉ እርጥብ ነበር። መቀየሪያው ደርሶ አሮጌውን ልትጥል ስታነሳው ግን እጇ ቀጥ አለ። አንዲት ጸጉር እንኳ አልጎበጠችም። ይሄ ብሩሽ ጥርስ አይቶ አያውቅም።

ይዛው መጣች። «በዚህ ታጥበዋል?»

«በየጠዋቱ ከቧንቧው ሥር እይዘዋለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ብሩሹን?»

«ብሩሹን።»

ትዕግሥቷ ተሟጠጠ። «ሦስት ወር! ሕፃን ልጅ እንኳ እንዲህ አያታልልም፣ አባባ። ለእኔ ብዬ ነው? የእኔ ጥርስ ነው? ነገ ወልቀው ገንፎ ብቻ ሲቀርብልዎት እንዳላይዎት። ሰለቸኝ፣ በቃ ሰለቸኝ።»

ሽማግሌው መፍቻቸውን አስቀመጡ።

«ሲነካ ያመኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ለስላሳውም ያመኛል። ውኃው ራሱ ያመኛል።»

«ታዲያ አይነግሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ብሩሹን ትነኪያለሽ፣ ትሄጃለሽ። እስቲ አንድ ቀን አፍዎን ይክፈቱ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ወደ ቧንቧው ሄደች። እጇን ታጠበች። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበችና አስቀመጠቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ድዳቸው ቀልቶ አብጧል። አንደኛውን ጥርስ በጣቷ ጫፍ ብትነካው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። እሳቸው ጉልበታቸውን ጨብጠው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ሌላኛውስ?» አሉ አፋቸውን ሳይገጥሙ። «እሱ ይተርፋል?»

«አላውቅም፣ አባባ» አለች፤ ለሐኪሟ ለመደወልም ስልኳን አነሳች።