የተስተካከሉት እጆች

ሠዓሊው እናቱን ለመሳል ዓመት ፈጅቶበታል። ፊቷን በሳምንት ጨረሰው፤ አሳሩን ያበሉት እጆቿ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ሳሙናና በረኪና የበላቸው፣ አንጓቸው ያበጠ፣ ጥፍራቸው የተሰነጠቀ እጆች። እሑድ እሑድ እየመጣች፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ዘርግታለት ትውል ነበር። "እኔ ያየሁትን እንጂ ደስ ያለኝን አልስልም!" እያለ ሲደነፋ የሰሙት ጓደኞቹ የቃሉ ሰው መስሏቸው ነበር።

አንድ ባለሆቴል ሥዕሉን አይቶ ወደደው። ሊከፍተው ላለው ምግብ ቤት ፈለገው።

"ፊቷ ግሩም ነው" አለ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። "እጇ ግን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። እስቲ ለስለስ አድርግልኝ። ከዚያ ለየፎቁ አንድ አንድ ትደግምልኛለህ።"

ሠዓሊው መቆጣት ነበረበት። ተቆጣም፤ የሰውዬውን ደረጃ ወርዶ እስኪጨርስ ድረስ። በማግስቱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ብሩሹን አነሳና አንጓዎቹን አከሰመ፣ ስንጥቁን ደፈነ፣ ጥፍሮቹን ቀይ ቀባ። የዓመት ሥራ በሁለት ሰዓት! ጣቶቹ ሊጥ መሰሉ። ቢሆንም ሁለተኛውን ሥዕል ከመነሻው በቀይ ጥፍር ጀመረው። እናቱ እንደሆነች እንዲህ ያለ ቦታ አትረግጥም ብሎ ራሱን ሸነገለ።

ረገጠች። ባለሆቴሉ "የሥዕሏን ሴትዮ እንግዶቼ ይዩዋት" ብሎ ለምረቃው መኪና ልኮ አስመጣት። ከሥዕሉ ሥር ካለው ጠረጴዛ ከልጇ ጎን ተቀምጣ፣ ሽቅብ ቀይ ጥፍሮቹን ስታይ ቆየች።

"ልጄ" አለችው በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ያን ሁሉ እሑድ አስጠልተውህ ነበር እንዴ?"

"ኧረ እማዬ! ምን ማለትሽ ነው? እንዲያው ለማሳመር ያህል..."

"አይ፣ አምሯል። አምሯል እኮ።"

እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ከጨርቁ ሥር ከተተቻቸው። የቀረበላትን ምግብ አልነካችም።

ባለሆቴሉ እየሳቀ መጣና እጁን ዘረጋላት። "እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት!"

እናት አልተንቀሳቀሰችም። የሰውዬው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ እንግዶቹም ዞር ዞር ብለው ማየት ጀመሩ። ሠዓሊው ፈገግ ብሎ ተነሳ።

"ይቅርታ ያድርጉልን፣ እጇን ትንሽ አሟት ነው" አለና የባለሆቴሉን እጅ ራሱ ጨበጠው።