በማይክ ያመለጠው «ይበቃል»

ፀጉር ሠሪዋ በሰፈሩ የታወቀችው በሁለት ነገር ነው፤ በእጇና በአፏ። እጇ የገባ ፀጉር አምሮበት ይወጣል። አፏ የገባ ሰው ግን ምን ሆኖ እንደሚወጣ አንድዬ ብቻ ነው የሚያውቀው። ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው በሁለቱም ነው። እናታቸው ስታርፍ እሷ ገና መቀስ መያዝ የጀመረች ወጣት፣ እሱ ደግሞ የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር። ያኔ ማሙሽ አለችው፣ ስሙም በዚያው ቀረ። ዛሬ በሳሎኑ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ጢሙ ያቀመቀመ ጎረምሳ ሆኖ እንኳ ደንበኞቿ ሁሉ ማሙሽ ነው የሚሉት። እሱም አቤት ይላል።

ማሙሽ ክላርኔት ይነፋል። ክላርኔቱ የእሱ አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ነው። የሙዚቃ አስተማሪው መርጦ የሰጠው ሁለተኛ ደረጃ የገባ ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ልጁና ክላርኔቱ ተለያይተው አያውቁም። የሚለማመደው ከሳሎኑ በስተኋላ ባለችው ዕቃ ቤት፣ በሻምፖ ካርቶንና በፎጣ ክምር መሀል ተቀምጦ ነው። ከፊት ለፊት እህቱ ትሠራለች። መሀላቸው ያለው ቀጭን መጋረጃ ብቻ ነበርና ልምምዱ የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ማድረቂያው ጆሮዋ ላይ ስለሚጮህ ምንም አትሰማም። ከካስኩ ስትወጣ ግን ሁሉንም ትሰማለች፣ የሰማችውንም ትናገራለች። ይህ ሲገርም በግድግዳው ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ አለ፤ በእንጨት ማስመሪያው ግድግዳውን ቋ ቋ ያደርጋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ እህት ምን ታድርግ? እንጀራዋ ነው። ማበጠሪያውን እንደያዘች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ማሙሽ፣ ይበቃል!» ትላለች። ልጁ ቀጥ ነው። የጀመራትን ድምፅ እንኳ አይጨርስም፤ ቧንቧ የተዘጋ ያህል ጸጥ ይላል። በዚህ ታዛዥነቱ የፀጉር ሠሪዋ ኩራት ወደር አልነበረውም። ልጆቻቸው አልሰማ ያሏቸው እናቶች ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ሲያማርሩ፣ «የኔ አንዴ ነው የሚነገረው» ትላቸዋለች። እነሱም በመስታወቱ ውስጥ እያዩዋት በቅናት ይተነፍሳሉ።

በዚያ ዓመት ማሙሽ የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። የሙዚቃ አስተማሪው አንድ ቀን ሳሎኑ ድረስ መጥቶ፣ በሴቶቹ መሀል ግራ እንደተጋባ ቆሞ፣ ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛው፣ ትምህርት ሲዘጋ ክላርኔቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን እንደሚመለስ ነው፤ ተረኛ ልጅ አለ። ሁለተኛው፣ የከተማው ነዋሪዎች በየዓመቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት የሙዚቃ ውድድር አንደኛ የሚወጣው ልጅ የሚጫወተውን መሣሪያ አዲሱን እንደሚሸለም ነው። ሌላው ግልጽ ነበር። ልጁ ካሸነፈ ይነፋል፣ ካላሸነፈ መንፋቱ ያከትማል። ፀጉር ሠሪዋ ክላርኔት የሚያስገዛ አቅም እንደሌላት ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ውድድሩ የዋለው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሳሎን መዝጋት ማለት ለፀጉር ሠሪ ምን ማለት እንደሆነ ፀጉር ሠሪ ያውቃል። ሰርግ ያለባቸው ሁለት ደንበኞቿ አኮረፏት፤ ያኩርፉ ብላ ዘጋችው። አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አንዱ እግሩ ያጠረ የፕላስቲክ ወንበር ደረሳትና በተነቃነቀች ቁጥር እየተወዛወዘች ተቀመጠች። አጠገቧ ልጁ ቫዮሊን የምትጫወት አንድ አባት ነበር። ልጁ ስትጫወት አብሯት በአፍንጫው ይተነፍሳል፣ አብሯት ያልበዋል፣ ስትጨርስ ከእሷ ይልቅ የደከመው እሱ ነበር። ልጅቷ ደህና አድርጋ ተጫወተች። ፀጉር ሠሪዋ አጨበጨበች፤ በልቧ ግን አንዱ አውታር ቢበጠስ ደስ ባላት ነበር። ለዚህ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ እኛም አንጠይቅላትም።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። በግራ ጡረታ የወጣ መለከት ነፊ፣ በቀኝ በየሰርጉ ኦርጋን የሚጫወት ሰው፣ መሀል ላይ የከተማውን ነፊ ሁሉ በየተራ ያስተማሩ አሮጊት መምህርት። የመምህርቷ አንድ ጆሮ ደክሟል። አንዷ እናት ከኋላ፣ «ጆሮዋ የደከመ ዳኛ ደግሞ የት ይታያል?» ስትል ባሏ፣ «የሳቸው አንዱ ካንቺ ሁለቱ ይሻላል» አላትና ተዘጋች። የጆሮ ድካሙ ጣጣ ግን ሌላ ነበር። መምህርቷ ያንሾካሾኩ ሲመስላቸው ድምፃቸው የውጭ በር ድረስ ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ ተወዳዳሪ የሚጠሩበት ማይክ ተተክሏል። ሰብሳቢው ደግሞ ጠዋት ደንቡን ሲያነብ፣ ጀምሮ ያቋረጠ ከውድድሩ ይወጣል ብሎ ነበር።

ማሙሽ ተጠራ። መድረኩ ላይ ሲወጣ ከመቼውም ይልቅ ረጅም መሰላት፤ ሱሪው አጥሮበት ካልሲው ይታያል። ይህን እቤት ሳላይ እንዴት ቀረሁ ብላ ተናደደች። ከዚያ ነፋ። ያች ዜማ አዲስ አልሆነችባትም፤ በመጋረጃው በኩል ስንት ወር የሰማቻት ናት። እጇ ጭኗ ላይ ፀጉር የሚጎነጉን ይመስል አብሮት ይሄድ ጀመር። ልጁ አልተደናቀፈም፣ አልቸኮለም። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የቫዮሊኗ አባት እንኳ መተንፈሱን ረሳ። መለከት ነፊው ዳኛ ወደ መምህርቷ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። እሳቸውም ወደሱ ዘንበል ብለው አንድ ነገር አሉና ወደ መድረኩ ተመለሱ። ሲመለሱ አፋቸው ማይኩ ፊት ደረሰ፣ የንግግራቸው የመጨረሻ ቃልም በአራቱም ድምፅ ማጉያ ወጣ።

«…ይበቃል።»

ማሙሽ ቀጥ አለ። የጀመራትን ድምፅ አልጨረሰም። ክላርኔቱን ከአፉ አወረደ፣ ለዳኞቹ እጅ ነሣ፣ በጎን በር ወጣ። ከመቅጽበት ያለቀ ነገር ስለነበር ሰው ማጨብጨብ ይገባው አይገባው ሳያውቅ እጁን አንስቶ ቀረ።

የፀጉር ሠሪዋ ቆሽት አረረ። ሌላውን ልጅ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰምተው የእሷን ልጅ መሀል ላይ ማስቆም ምን የሚሉት ግፍ ነው? ሰብሳቢው ቀጣዩን ስም ሳይጠራ ዳኞቹ ጠረጴዛ ፊት ደርሳ ነበር። ያለችው ሁሉ እዚህ አይጻፍም። ፍሬ ነገሩ ግን ልጄን ለምን አስቆማችሁት ነው። መምህርቷ ደህናውን ጆሯቸውን አዞሩላትና እኛም እኮ ግራ የገባን እሱ ነው፣ ለምን አቆመ? አሏት።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ይበቃል ያሉት?»

አሮጊቷ መጀመሪያ ማይኩን አዩ፣ ከዚያ መለከት ነፊውን አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለዋወጠ። «ልጄ፣ እኔ ለሱ አልተናገርኩም። ለዚህ ለጎኔ ሰውዬ ነው ያልኩት። ይሄ ልጅ ለአንደኝነት ይበቃል ነው ያልኩት።»

መለከት ነፊው እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ፀጉር ሠሪዋ ክው አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እንዲህ በድምፅ ማጉያ ተመስግኖ ምስጋናውን እንደ ስድብ ሰምቶ የወጣ ሰው ግን ከማሙሽ ሌላ ይኖር እንደሆነ እንጃ። መምህርቷ ከአፍ የወጣ አፋፍ እያሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። ከዚያ ግን አንድ ነገር አልዋጥላቸው አለ። «እኔ ስንቱን ነፊ አስተምሬአለሁ። ተጫዋች እኮ ጣራ ቢደረመስ እንኳ የጀመራትን ድምፅ ይጨርሳል። ይሄ ልጅ በአንድ ቃል እንዲህ ቀጥ ማለትን ከወዴት ተማረው?»

ፀጉር ሠሪዋ መልሱን ታውቃለች። አፍራ የማታውቀው ሴት አፈረች።

ሰብሳቢውና ዳኞቹ ራስ ለራስ ተጋጥመው ተማከሩ። ጥፋቱ የዳኞቹ ስለሆነ ልጁ አይሰረዝም፤ ምርጫው የሱ ነው። ከፈለገ እስካሁን በተጫወተው ብቻ ይዳኝ፣ እንደ ጨረሰ ይቆጠርለታል። ከፈለገም እንደገና ከመጀመሪያው ይጫወት፣ ያኔ የፊተኛው ይሰረዝና በኋለኛው ይዳኛል። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። የትኛው እንደሚያዋጣ ለማወቅ ሙዚቃ መማር አያስፈልግም፤ መምህርቷ በገዛ አፋቸው አንደኛ ብለውታል። ልጁን ልትጠራ ወጣች።

ማሙሽ የጎን በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክላርኔቱን ፈታትቶ አንዱን ቁራጭ በጨርቅ ይወለውላል። አላለቀሰም፤ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚያጥበው ዕቃ በዝግታ ነበር የሚወለውለው። አንጀቷን በላው። ከጎኑ ቁጭ ብላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ስለ «ይበቃል» ስትደርስ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ ሊል ሞከረ። ምርጫውን ነገረችውና የእሷን ውሳኔ አስከተለች። የነፋሁት ይቆጠርልኝ ትላለህ፣ ክላርኔቱን ትቀበላለህ፣ አለቀ።

«አይ፣ እትዬ» አላት። «እንደገና ነው የምነፋው።»

አይ ብሏት አያውቅም። ያልሰማት መስሏት ደገመችለት። እጅህ ውስጥ የገባውን ወፍ ለቀህ የምታበርረው ምን ሆነህ ነው አለችው። ክላርኔቱ ሰው እጅ ሲገባ የት አባትህ ልትገባ ነው አለችው። እሱ እየሰማት ቁርጥራጩን እየገጣጠመ ነበር። የክላርኔቱን አፍ ሸምበቆ በምላሱ አረጠበ።

«መጨረሻውን ያልሰሙ ሰዎች ምኑን ሰምተው ነው የሚሸልሙኝ?» ብሎ ተነሣ።

ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አልሆነም፤ እውነቱ ይነገር። ጣቱ ቀዝቅዟል፣ አጀማመሩ ትንሽ ቸኮል አለ። ቅድም ያቆመበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ክላርኔቱ ሲጥ አለበት፤ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ ሰማው። የቫዮሊኗ አባት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ማሙሽ ግን አላቆመም፣ አለፈው።

ያኔ ነው የገባት። ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቀውም። ስንት ወር በመጋረጃ በኩል የሰማችው ዜማ አብቅቷል፣ ልጁ ግን እየነፋ ነው። ዜማው ዝቅ ብሎ ወረደ፣ ሰው ለብቻው እንደሚያወራው ያለ ወፍራም ድምፅ ሆነ። ቀጥሎ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። የት ሊደርስ እንደሆነ ስለማታውቅ ትንፋሿን ይዛ ተከተለችው፤ እጇም ጭኗ ላይ ቆመ፤ አብሮ የሚሄድበትን መንገድ አያውቅም። ልጁ የመጨረሻዋን ድምፅ ያዛት፣ አቀጠናት፣ አቀጠናት፣ እስክትጠፋ ድረስ አልለቀቃትም። ፀጉር ሠሪዋ በሰው ፊት አለቀሰች። ማስካራዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ ባለሙያ ናትና ታውቀዋለች፤ አልጠረገችውም።

አንደኛ ባለ ቫዮሊኗ ልጅ ወጣች። ማሙሽ ሁለተኛ ሆነ፣ የኖታ ማስቆሚያ ተሸለመ፤ ሦስት እግር ያለው፣ የሚታጠፍ ብረት። መምህርቷ እጁን ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ምን እንዳሉት አልተሰማም፤ በዚህ ጊዜ ማይኩ ጠፍቶ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ክላርኔቱንም ማስቆሚያውንም ተሸክሟል። ፀጉር ሠሪዋ ስለ ሽልማቱ ልትቆጣው አስባ ነበር፣ ቁጣው ከአፏ አልወጣ አላት። በመጨረሻ፣

«ዜማው እንደዚያ እንደሚያልቅ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

ማሙሽ ክፋት አልነበረውም። እውነት ጠይቃው እውነት ነው የመለሰላት። «መች አድርሰሽኝ ታውቂያለሽ፣ እትዬ?»

ፀጉር ሠሪዋ ማስቆሚያውን ከእጁ ወስዳ እሷ ተሸከመችው፤ እስከ ቤትም አልመለሰችለትም። ሰኞ ጠዋት ሳሎኑን ስትከፍት ማስቆሚያውን ወደ ዕቃ ቤቱ አላስገባችውም። ከፊት ለፊት፣ በሁለቱ መስታወቶች መሀል ዘርግታ አቆመችው፤ አጠገቡም የደንበኛ ወንበር አንድ አኖረች። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ክላርኔቱ ገና እነሱ ጋ ነበር።